ቅጠሉን ያራገፈው ኦርኪድ ሞቷልን?

በመስኮትዎ አጠገብ ኦርኪድ አለ? ካለ፣ ራስዎ ገዝተው ያመጡት ሳይሆን በስጦታ ያገኙት ሳይሆን አይቀርም። ለልጅ ምርቃት፣ ለአራስ ጥየቃ፣ ለአዲስ ቤት፣ አንዳንድ ጊዜም ለሐዘንተኛ ቤት፣ በጥቂት ቀን ከሚጠወልግ የተቆረጠ አበባ ይልቅ ሥር ያለውን ይዞ መሄድ የሚመርጡ ሰዎች አሉ። መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ሥር ያለው ነገር ሲሰጥዎት ኃላፊነቱም አብሮ ይሰጥዎታል፤ አበባውን ያመጣልዎት ሰው ደግሞ ስለ አያያዙ የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ከእርስዎ አይበልጥም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስ ይላሉ። እንግዳ ሁሉ ያደንቃል፣ ልጆች እንዳይነኩት ይከለከላሉ። ከዚያ አበባው ይረግፋል። ከወራት በኋላ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ አንድ በአንድ ይወድቃል፤ በመጨረሻ የሚቀረው ጣት የሚያህል ራቁቱን የቆመ አገዳ ብቻ ይሆናል። ይህን ጊዜ የቤቱ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ደንግጦ ውኃ በላይ በላዩ ያፈስበታል፣ ወይ «አለቀለት» ብሎ ከቆሻሻው ጋር ደጅ ያወጣዋል። ብዙ ኦርኪድ የሚሞተው እንዲህ ነው፤ ታሞ ሳይሆን ተኝቶ ሳለ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ተክል ማረፉንና መሞቱን እንዴት እንደሚለዩ፣ ካረፈም በእኛ አገር የዕረፍቱ ወራት የትኞቹ እንደሆኑ ማሳየት ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

«በክረምት ውኃ አትስጪው»

በወሎ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት ባለቤታቸው ያረፉ ሰሞን፣ የቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ኅብረት እኅቶች አንድ ኦርኪድ ይዘውላቸው መጡ። ዴንድሮቢየም የሚባለው ዓይነት ነበር፤ በአገዳው ዙሪያ ከላይ እስከ ታች ሐምራዊ አበባ ያወጣ። እኒህ እናት ያንን ተክል እንደ ጌጥ ብቻ አላዩትም። በዚያ ክፉ ሳምንት ብቻዬን እንዳልነበርኩ ምስክሬ ነው ይሉ ነበር።

ውጭ አገር ያለችው ልጃቸው ስለ አያያዙ በእንግሊዝኛ አንብባ በስልክ አስረዳቻቸው፤ «እማዬ፣ በክረምት ያርፋልና ውኃ አትስጪው» አለቻቸው። እርሳቸውም ቃሏን አክብረው ሐምሌና ነሐሴን አደረቁት። አዲስ የወጣው ቡቃያ ተጨማደደ። መስከረም ሲጠባ ውኃ ጀመሩለት፤ ኅዳር ላይ ቅጠሉ ሲረግፍ ደግሞ «አስጠምቼው ነው» ብለው በየቀኑ ያጠጡት ያዙ። የካቲት ላይ ከአገዳዎቹ አብዛኞቹ ከሥራቸው ረግበው በጣት ሲጫኗቸው ይሟሙ ነበር። እንደ ቸርነቱ አንድ አገዳ ጠንካራ ሆኖ ተገኘ፤ የበሰበሰው ተቆርጦ ያ ብቻ ተተከለና ዳነ። እንደገና ለማበብ ግን ሁለት ዓመት ፈጀበት።

ልጅቱ ያነበበችው ትክክል ነበር። የተሳተው በትርጉም ላይ ነው። የፈረንጆቹን ብርዳም ወራት ስም ሁላችንም በትምህርት ቤት «ክረምት» ብለን ተምረነዋል። በእነርሱ አቆጣጠር ግን እነዚያ ወራት ዲሴምበር፣ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ናቸው፤ በእኛ ከኅዳር ማብቂያ እስከ የካቲት አጋማሽ መሆኑ ነው። ይህ ደግሞ በጋችን ነው! ሰማዩ ጥርት ያለበት፣ ዝናብ የማይዘንብበት፣ ሌሊቱ የሚበርድበት ጊዜ። ክረምታችን በአንጻሩ ለብዙ ኦርኪድ የማደጊያ ወቅት ነው።

በነገራችን ላይ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎቻችን በዚህ ቃል አልተሳሳቱም። በመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 2 ቁጥር 11 ላይ የክረምቱና የዝናቡ ማለፍ አብረው ተነሥተዋል፤ በእስራኤል ምድር ብርዱና ዝናቡ የሚመጡት በአንድ ወቅት ስለሆነ ቃሉ በሚገባ ገጥሟል። በእኛ ደጋ ግን ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ብርዱ ከኅዳር እስከ ጥር ተለያይተው ይመጣሉ። ለኦርኪድ ይህ ልዩነት የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

ለምን ያርፋል?

ኖቢሌ የሚባለው የዴንድሮቢየም ዝርያ የትውልድ አገሩ ከሂማላያ ተራሮች ግርጌ ጀምሮ እስከ ደቡብ ቻይናና ታይላንድ የተዘረጋው ምድር ነው። በዚያ የሞንሱን ዝናብ የሚወርደው በግምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ከዚያ ለወራት ደረቅና ቀዝቃዛ ይሆናል። ይህ ኦርኪድ የሚኖረው መሬት ላይ ሳይሆን በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ ስለሆነ፣ ዝናቡ ሲቆም ሥሩ ውኃ የሚቀዳበት አፈር የለውም። ስለዚህ በዝናቡ ወራት አገዳውን በውኃና በምግብ ይሞላል፤ ድርቁ ሲመጣ ውኃ የሚያባክኑበትን ቅጠሎች አራግፎ በስንቁ ይቆያል። የሌሊቱ ብርድ ደግሞ በአንጓዎቹ ላይ የአበባ እንቡጥ እንዲይዝ ይቀሰቅሰዋል።

አሁን የአዲስ አበባን አየር ያስቡ። የቦሌ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ አለው። ዝናባችን ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል፤ ቀኑ ብሩህ ነው። የአውሮፓ አትክልተኛ በመስታወት ቤትና በማሞቂያ የሚደክምለትን አየር እርስዎ በረንዳዎ ላይ በነጻ አግኝተውታል። በእኔ ግምት ለዚህ ዓይነት ኦርኪድ ከአዲስ አበባ የተሻለ ከተማ በቀላሉ አይገኝም።

ተክል ለጊዜው መተኛቱ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ገበሬዎቻችን ገና ከመሬት የወጣ ድንች ወዲያው ቢተክሉት እንደማይበቅል፣ ዓይኑ እስኪነቃ ሁለት ሦስት ወር መቆየት እንዳለበት ያውቃሉ። ድንችን በ1858 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን እንዳስገባ የሚነገርለት ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር በሰሜን ኢትዮጵያ ረጅም ዘመን የኖረ ሰው ሲሆን፣ ሃቤናሪያ ሺምፐሪያና የምትባለው የአገራችን ኦርኪድም በስሙ የተጠራች ናት። እርስዋም እንደ ድንቹ ከመሬት በታች የምትተኛ ናት፤ ስለ እርስዋና ስለ ዘመዶችዋ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

የእርስዎ ኦርኪድ የትኛው ነው?

ሁሉም ኦርኪድ አያርፍም፤ ስለዚህ ውኃ ከመከልከልዎ በፊት ዓይነቱን ይለዩ። በዓለም ላይ ወደ 28,000 የሚጠጉ የኦርኪድ ዝርያዎች አሉ፤ ደግነቱ በስጦታ የሚመጡት ጥቂቶች ናቸው።

ቅጠሉ ሰፊና ወፍራም፣ አገዳ የሌለው፣ አበባው እንደ ቢራቢሮ ተደርድሮ በረጅም ዘንግ ላይ የሚንጠለጠለው ፋሌኖፕሲስ ይባላል። በብዛት በስጦታ የሚሰጠው ይህ ነው። ዕረፍት አያውቅም፤ ስንቅ የሚያኖርበት አገዳም የለውም። ውኃ ቢከለክሉት ይሞታል፤ ሌሊት በረንዳ ላይ ቢያሳድሩትም በኅዳር ብርድ ይጎዳል። ቤት ውስጥ፣ ብርሃን ባለበት ግን ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ ያኑሩት። ሥሩ ነጣ ሲል ያጠጡት፤ ውኃ ያገኘ ሥር ወዲያው አረንጓዴ ስለሚሆን መለየቱ አያስቸግርም። በቅጠሎቹ መካከል ባለው ልብ ላይ ውኃ አይቁም፤ ከዚያ ይበሰብሳል። የዚህ ዓይነቱ ቅጠል በብዛት ከረገፈ ዕረፍት ሳይሆን በሽታ ነውና ሥሩን አውጥተው ይመርምሩ።

አገዳ ያላቸው ዴንድሮቢየሞች ሁለት ወገን ናቸው። አበባቸው ከአገዳው ጫፍ በረጅም ዘንግ የሚወጣው ከሞቃት አገር የመጡ ናቸውና ብርዱንም ድርቁንም አይወዱም፤ እንደ ፋሌኖፕሲስ ቤት ውስጥ ይያዙ። አበባቸው በአገዳው ርዝመት ከየአንጓው ሁለት ሦስት ሆኖ የሚወጣው ግን ከላይ የተናገርንላቸው የኖቢሌ ወገኖች ናቸው። የሚያርፉት እነዚህ ናቸው።

እንግዳውን ሲቀበሉ

አዲስ የመጣ ኦርኪድ እንደ መጣ ከሌሎች ተክሎች ጋር አይቀላቀል። ለሦስት አራት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። የቅጠሉን ሥርና አንጓዎቹን ይመልከቱ፤ ነጭ ጥጥ የመሰለ ተባይ ካለ አልኮል በነካ ጥጥ ይጥረጉት። አበባ ላይ ሳለ አይንቀሉት፣ መትከያውን አይለውጡ፣ ማዳበሪያም አይስጡት። የተጠቀለለበትን የሚያብረቀርቅ ወረቀት ግን በዚያው ቀን ያውልቁለት። ወረቀቱ ለስጦታው ያምራል፤ ነገር ግን ውኃ ይቋጥርና ሥሩን ያበሰብሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ይወቁ። በውጭ አገር የመስታወት ቤቶች ያደገ ተክል ለገበያ እንዲደርስ ያለ ወቅቱ እንዲያብብ ተደርጎ ሊሆን ይችላል። በመስከረም አብቦ የመጣልዎት ዴንድሮቢየም የእኛን ወቅት እስኪለምድ አንድ ዓመት ሊያስፈልገው ይችላልና በመጀመሪያው ዓመት ካላበበ አይቀየሙት።

ዓመቱ በአዲስ አበባ

የኖቢሌውን ወገን ዓመት ከግንቦትና ከሰኔ እንጀምር። ከአሮጌው አገዳ ሥር አዲስ ቡቃያ ይወጣል፤ አዲስ ሥርም ይከተለዋል። ውኃ መጨመር ያለብዎት ያን ጊዜ ነው። ክረምቱን በሙሉ ሳይደርቅ ይጠጣ፤ በየሁለት ሳምንቱም በውኃ የሚሟሟ ማዳበሪያ፣ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ግማሹን ወይም ሩቡን ይስጡት። ለእርሻ የሚበተነውን ዩሪያ አንሥተው እንዳይሰጡት፤ ሥሩን ያቃጥለዋል። የዝናብ ውኃ ከቧንቧው ይሻለዋል፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚቀዱ ከሆነ አቧራውን የሚያጥበው የመጀመሪያው ውኃ ይለፍ። ነገር ግን ተክሉን ለዶፍና ለበረዶ አጋልጠው ሜዳ ላይ አይተዉት፤ ከጣሪያ ጠርዝ ሥር ይሁን። የተተከለበትም ነገር ውኃ የማይዝ መሆን አለበት፦ የዛፍ ቅርፊት፣ የከሰል ስብርባሪ፣ ብሎኬት ሠሪዎች ፑሚስ የሚሉት ቀላል ድንጋይ። የአትክልት ቦታ ጥቁር አፈር ለኦርኪድ መቃብር ነው።

መስከረም ሲጋመስ ማዳበሪያውን ያቁሙ። በጥቅምት ውኃውን ይቀንሱ፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ የነበረው አንድ፣ ቀጥሎም በአሥራ አምስት ቀን አንድ ይሁን። አዲሱ አገዳ ዕድገቱን ጨርሶ ጫፉ ይደፈናል። ከኅዳር እስከ ጥር ያርፋል። ብርሃን የሚያገኝበት በረንዳ ላይ፣ ግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጥ፤ የማለዳ ፀሐይ ይጠቅመዋል፣ የቀትሩ ግን በዚህ ከፍታ ያቃጥላል። ቅጠሉ ቢረግፍ ይርገፍ። አገዳው በጥቂቱ ቢሸበሸብም አይደንግጡ፤ በጣም ከተጨማደደ ብቻ በጠዋት ትንሽ ውኃ ይርጩበት። እጅግ በሚበርድበት ሌሊት ወደ ውስጥ ያስገቡት፣ ጠዋት ይመልሱት።

በዚህ ጊዜ መሞት አለመሞቱን ለማወቅ ሦስት ነገር ይመልከቱ። አገዳውን በጣትዎ ይጫኑ፤ የተሸበሸበ ቢሆንም ጠንካራ ከሆነ ሕይወት አለ፤ የረገበና ውኃ የሚያወጣ ከሆነ በስብሷል። ሥሩን ያሽትቱ፤ ጤነኛ ሥር አይሸትም። ከአገዳው ግርጌ ትንንሽ ዓይኖች ይፈልጉ፤ አረንጓዴ ከሆኑ ተክሉ ገና አላለቀም። ቅጠል የሌለውን አሮጌ አገዳም «ደርቋል» ብለው አይቁረጡ። ለአዲሱ ቡቃያ ስንቅ የሚያቀብለው እርሱ ነው፤ አንዳንዴም ራሱ ደግሞ ያብባል።

ኢዮብ በመከራው ውስጥ ሳለ የተናገረውን ያስታውሱ ይሆናል፤ ግንዱ በምድር ውስጥ የሞተ የመሰለ ዛፍ ከውኃ ሽታ የተነሣ ስለ ማቆጥቆጡ (ኢዮ. 14፥7-9)። ኢዮብ ይህን ያለው ራሱን ሊያጽናና አልነበረም፤ ዛፍ ተስፋ ሲኖረው ሰው ግን ወዴት አለ ብሎ ሊያማርር ነው። ስለዚህ ክፍሉን ለአበባ ማስተማሪያ ብቻ ማድረግ ለቃሉ አግባብ አይደለም። ይሁን እንጂ ሰውየው ተክልን ምን ያህል አስተውሎ ያየ እንደነበረ ይገርማል። በዘሌዋውያን 25 ምድሪቱ ራሷ በሰባተኛው ዓመት እንድታርፍ የታዘዘውንም ከዚህ ጋር ቢያነቡት መልካም ነው፤ እግዚአብሔር ዕረፍትን የሰጠው ለሰው ብቻ አለመሆኑን እዚያ ያገኙታል። ብዙዎቻችን ግን ሥራ የማይታይበትን ጊዜ ሁሉ እንደ ጥፋት እናየዋለን፤ በራሳችንም ሆነ በልጆቻችን ላይ።

የአገራችን ኦርኪዶች

ኦርኪድ የፈረንጅ አበባ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። በኢትዮጵያ ግን ከ150 በላይ ዝርያዎች በዱር ይበቅላሉ። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከፊሊፕ ክሪብና ከፊን ራስሙሰን ጋር ሆነው ስለ እነዚሁ የአገራችን ኦርኪዶች ያዘጋጁትን የመስክ መምሪያ በለንደን የሚገኘው የኪው የዕፅዋት ተቋም በ2004 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። መጽሐፉን ያገኘ ሰው ቢያገላብጠው አይጸጸትም።

ከእነዚህ ብዙዎቹ በሣር መሬት ላይ የሚበቅሉ ናቸው። ሃቤናሪያና ሳቲሪየም የሚባሉት ወገኖች በበጋ ጭራሽ አይታዩም፤ ከብት በላያቸው ይሄዳል፤ እነርሱ ድንች በመሰለ ሥራቸው መሬት ውስጥ ተኝተዋል። ዝናቡ ሲመጣ ይነሣሉ፣ ያብባሉ፣ እንደገና ይሰወራሉ። ቢቆፈር ሁለት ሥር ጎን ለጎን ይገኛል። አንደኛው የዘንድሮውን ቅጠልና አበባ መግቦ የሚሟጠጠው ነው፤ ሁለተኛው ለሚመጣው ዓመት የሚዘጋጀው ነው። አሮጌው ሲያልቅ አዲሱ ይረከባል።

ቢቆፈር አልሁ እንጂ እንዳይቆፍሩ እለምንዎታለሁ። የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ ስንቅ የለውም። የሚበቅለው በአፈሩ ውስጥ ያለ አንድ ዓይነት ፈንገስ ሲመግበው ብቻ ነው፤ ብዙዎቹ ካደጉም በኋላ ከዚያ ፈንገስ ጋር ይኖራሉ። ከመስክ ተነቅሎ በወሎ ሰፈር ግቢ የተተከለ የዱር ኦርኪድ አንድ ክረምት ቢያብብልዎት እንኳ ከስንቁ ነው፤ ስንቁ ሲያልቅ ይሞታል። በዛፍ ላይ የሚኖሩትም በችግር ላይ ናቸው፤ በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን የደን መቆራረጥና የቡና ልማቱ የእነዚህን ኦርኪዶች ብዛትና ዓይነት እንደሚቀንሱ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አመልክቷል። ዘመድዎ ከውጭ በሻንጣ ላምጣልህ ወይም ላምጣልሽ ቢልም አስቀድሞ ሕጋዊ ወረቀቱን ይጠይቁ። መላው የኦርኪድ ቤተሰብ ኢትዮጵያ በ1989 እ.ኤ.አ. በተቀላቀለችው ሳይትስ በተባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሥር ነው።

እንቡጥ ነው ወይስ ልጅ?

ከጥር ማብቂያ ጀምሮ በራቁቱ አገዳ አንጓዎች ላይ ትንንሽ እብጠቶች ይታያሉ። ሰው በዚህ ጊዜ ተደስቶ ውኃ ማፍሰስ ይጀምራል፤ ይታገሡ። እብጠቱ ክብና ወፍራም ሆኖ ተከፍሎ ሲታይ እንቡጥ ነው፤ ያን ጊዜ ውኃውን ቀስ በቀስ ይመልሱ፤ እንቡጦቹ ወደ ብርሃን አቅጣጫ ስለሚዞሩም መትከያውን አያዙሩት። ሹልና ቀጭን ሆኖ ቅጠል ካበቀለ ግን አበባ ሳይሆን ልጅ ነው። ይህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ተክሉ በበጋ ውኃና ማዳበሪያ ስላልተቋረጠበት ነው። ቢሆንም ልጁን አይጣሉት። በራሱ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ሥር እስኪያወጣ እናቱ ላይ ይቆይ፤ ከዚያ ከእናቱ በጥንቃቄ ለይተው በትንሽ መትከያ፣ በደቀቀ የዛፍ ቅርፊት ይትከሉት። በሁለት ሦስት ክረምት ለማበብ ይደርሳል፤ ለሌላ ሰው ሲሰጡት የዕረፍቱን ወራት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፈው መትከያው ላይ ይለጥፉለት።